ዓምዱ የጠፋበት ቀን

ምእመናን፣ እስቲ ቀረብ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወሬውን ተዉትና ስሙኝ፤ ስለ አንዲት እናት ልነግራችሁ ነው።

ያሻሽ ትባላለች። ትንሿ ልጇ እማዋይሽ እህል አልቀምስ ብላ፣ ጉልበት ከድቷት፣ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ተኝታ ትውላለች። እናት ምን ታድርግ? በአገሩ አንድ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አለ። በቀትር የፀሐይ ብርሃን በጣራው ቀዳዳ ይገባና መጨረሻው በማይታይ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሰው "ዓምዱ" ይለዋል። ሲያዩት እልል ይላሉ፣ ያሸበሽባሉ፤ ደቃቁ አፈርም ከእግራቸው ሥር ቡን ይላል። የታመመ ልጅ ያለው ልጁን ዓምዱ ውስጥ ያስገባል።

ያሻሽ "ልጄን ብታድንልኝ ቤትህን አሳምራለሁ" ብላ ተስላ ነበር። እስክትድን መጠበቅ አላስቻላትም። ልጇን ዓምዱ ውስጥ በምታስገባበት ቀን ዋዜማ ዋሻውን ጠራርጋ፣ ውሃ አርከፍክፋ፣ በስንጥቁ ዙሪያ አዲስ ሰሌን አነጠፈች። ደግ አደረገች አይደል? እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ታደርጉ ነበር?

በማግስቱ ቀትር ሕዝቡ ገብቶ ቆመ፤ ያሻሽም ልጇን ታቅፋ መጥታለች። ዓምዱ የለም።

ጠበቁ። የለም! ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ውስጥ፣ ዓምዱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ጥቁር ነው። ከስንጥቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ ላይ ቀና ብሎ ቀዳዳውን ያየ ግን አንድም ሰው የለም።

"ትናንት እዚህ የገባው ማነው?" አሉ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት።

 ያሻሽ አጠገብ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ።

"አንቺ፣ ምን ኃጢአት ይዘሽብን መጣሽ?" አሏት እትዬ ደብሪቱ።

ያሻሽ፣ እውነትም በእኔ ምክንያት ነው የሸሸው አለች በልቧ። "እኔን ይቅጣኝ! እሷ ምን አደረገች?" ብላ ጮኸችና፣ ልጇን በሁለት እጇ አንስታ በባዶው ጨለማ ላይ አሻግራ ያዘቻት።

የልጅቷ ፊት ቦግ አለ።

ከላይ የወረደ ነገር አይታይ፣ ከታች የወጣ ነገር አይታይ፤ በድቅድቁ መሃል አንዲት ትንሽ ፊት ብቻዋን ታበራለች። ሕዝቡ "እግዚኦ!" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዳንዱማ ልጅቷ የሞተች መሰለው።

የደብሩ ቄስ መምሬ ልሳነወርቅ ግን ጠጋ ብለው እጃቸውን ከልጅቷ ጎን ሰደዱ። እጃቸውም በራ። "ምን ያስጮኻችኋል? ብርሃኑ መች ሄደ? ብርሃን በአጠገባችሁ ሲያልፍ እኮ አይታይም፤ የሚያርፍበት ሲያገኝ ነው የሚታየው። እስከ ዛሬ ዓምድ ያላችሁት በእግራችሁ ያስነሳችሁትን አቧራ ነው። እሷ አቧራውን ብትጠርግ ኃጢአተኛ አላችኋት!"

ያሻሽ አልሰማቻቸውም። የልጇን ዓይን እያየች ነበር። ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። እዚያ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ስታቅፋት አላየችውም።

"አባ፣ ዓይኗን! ዓይኗን ይዩልኝ!"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? በቅሎዬን ውሰጂና ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ!"

የጉበት በሽታ ነበር። ልጅቷ ታክማ ዳነች።

እናንተስ? "ጸለይኩ፣ ምንም አላየሁም፣ ትቶኛል" ትላላችሁ። ጎረቤታችሁን እያያችሁ "በዚህ ሰው ምክንያት ነው የራቀን" ትላላችሁ። የት ሄደ? አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በእኔና በእናንተ መካከል ባለው ባዶ ቦታ እያለፈ ቢሆንስ?

ወገኖቼ፣ ብርሃን ራሱን ሊያሳያችሁ አልመጣም። እናንተን ለእናንተ ሊያሳይ ነው የመጣው። ጨለማ ውስጥ አቅፋችሁ የያዛችሁት ምንድን ነው? ቂም ነው? የሰው ሐቅ ነው? ስንት ዘመን አቀፋችሁት፣ መልኩን አንድ ቀን ሳታዩ? ወደ ብርሃኑ አውጡት። ያስደነግጣችኋል፤ ደንግጡ። ያሻሽ ያን ቀን የልጇን ፊት ሳይሆን ዓምዱን ብቻ እያየች እልል ብላ ወደ ቤቷ ተመልሳ ቢሆን ኖሮ፣ ልጇን ትቀብር ነበር።