ወንዝ ሊጠልፉ የወጡ አራዊት

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ትልልቆቻችሁም ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። ሁለት ጊዜ አልደግምም፤ ጉሮሮዬ የመንግሥት አይደለም።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ እንደኛ አፍ አውጥተው ሲያወሩ፣ ስሙ በተረሳ አንድ አገር አንዲት ኩሬ ነበረች። አራዊቱ ሁሉ ከእሷ ይጠጣሉ። ውስጧ ደግሞ እሜቴ አምባዛ የምትባል ዓሣ ከነልጆቿ ትኖራለች። አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና ኩሬዋ መድረቅ ጀመረች። ሌላው አውሬ እንኳ እግር አለው፤ ቢቸግረው ሩቁ ወንዝ ድረስ ሄዶ ይጠጣል። አምባዛስ በምኗ ትሂድ? ልጆቿ ጀርባቸው ከውሃው በላይ እየታየ ጭቃ ውስጥ ይርመጠመጣሉ።

"ኧረ ያገር ያለህ! ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው!" ብላ ጮኸች።

አያ አንበሶ ጩኸቷን ሰማና አገሩን ሰበሰበ። "ወንዙን እንጥለፍ፤ ቦይ ቆፍረን ውሃውን እስከ ኩሬዋ እናምጣው። ለደቦ ውጡ!" አለ። ሁሉም "ይሁን!" አሉ። "የሥራው አለቃስ ማን ይሁን?" ሲል ጦጢት ቀድማ ዛፍ ላይ ወጣች።

"እኔ ልሁን ጌታዬ! ከላይ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ" አለች።

አንበሶም አመናትና ጥላ ሥር ሄዶ ተኛ። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ያዝዝና ይተኛል። አንዷለም፣ አንተ ቢሮ የምትውለው፣ ምን ያስቅሃል? ገና ምኑ ተነካና!

ጦጢት መጀመሪያ ወደ ጃርት ሄደች። "አያ ጃርት፣ ያንተ ድርሻ ከወንዙ አፍ ያለው ነው። እንዳንተ ጥልቅ አድርጎ የሚቆፍር በአገሩ የለም። በጥልቀት አንደኛ ከወጣህ 'ጀግና' ብዬ በሸንጎ አስጠራሃለሁ። ብቻ እኔንም አትርሳኝ" አለችው። ጃርት ደስ ብሎት ለራሱ ያስቀመጠውን ሥራ ሥር አመጣላት። ተቀብላ ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው።

ቀጥላ ወደ ከርከሮ ሄደች። "አያ ከርከሮ፣ ያንተ ድርሻ መካከሉ ነው። እንዳንተ ሰፊ አድርጎ የሚገምስ በአገሩ የለም። በስፋት አንደኛ ከወጣህ 'ጀግና' ብዬ በሸንጎ አስጠራሃለሁ። ብቻ እኔንም አትርሳኝ።" ከርከሮም የሾላ ፍሬ ለቅሞ አመጣላት። ያንንም ወተፈችው።

ፍልፈልንም አልማረችውም። "አያ ፍልፈል፣ ያንተ ድርሻ ወደ ኩሬዋ የሚያደርሰው ነው። እንዳንተ ረጅም መንገድ የሚያወጣ በአገሩ የለም። በርዝመት አንደኛ ከወጣህ 'ጀግና' ነህ። ብቻ እኔንም..." አላስጨረሳትም፤ ያጠራቀመውን ባቄላ ዘረገፈላት። ሦስቱንም "የጎረቤትህን ሥራ ዞረህ እንዳታይ፣ ይቀድምሃል!" ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ተጠያይቀው ቢነቁባት ጉንጯ ባዶውን ሊቀር አይደል!

እናላችሁ ሥራው ጦፈ! አፈሩ ይበተናል፣ ፉከራው ይቀልጣል። ጃርት ከጉድጓዱ ውስጥ፣

"የኔማ ድርሻ አማረ፣ እሰይ እሰይ!" ይላል።

አምባዛ ከኩሬዋ፣ "ወንድሞቼ፣ ውሃው መጣ ወይ?" ትላለች።

"እሱን ጦጢትን ጠይቂ!"

ከርከሮ ሜዳውን እየገመሰ፣ "የኔማ ድርሻ አማረ፣ እሰይ እሰይ!" ይላል።

"ወንድሞቼ፣ ውሃው መጣ ወይ?"

"እሱን ጦጢትን ጠይቂ!"

ፍልፈልም ከመሬት ሥር፣ "የኔማ ድርሻ አማረ፣ እሰይ እሰይ!" ይላል። አምባዛ ትጠይቃለች፣ እሱም ወደ ጦጢት ይልካታል። ጦጢት ደግሞ ዛፏ ላይ ጉንጯን እንደ ከረጢት ነፍታ፣ "እእየመጣ ነው!" ትላለች።

ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ደረሰ። ከበሮ ተመታ፣ አንበሶም ዓይኑን እያሸ ተነሣ። ጃርት የወንዙን ዳር ሲንደው ውሃው ጓ! ብሎ ገባ። እልልታው ቀለጠ። ግን ምን ይሆናል? የጃርት ቦይ ጥልቅ ጉድጓድ ነበርና ውሃውን ዋጥ አድርጎ ቁጭ አለ። ቢጠብቁት ቢጠብቁት ሞላና ትንሽ ተረፈው። የተረፈው ከርከሮ ጋ ሲደርስ፣ እዚያ ሰፊ ግምስ ላይ እንደ ሰሌን ተዘረጋና ጭቃ ሆኖ ቀረ። ከርከሮ አላስቻለውም፣ ገብቶ ተንከባለለበት። የፍልፈል መንገድማ ረጅምስ ረጅም ነበር፤ ኩሬዋን በጎን አልፎ ከጉብታው ማዶ ወጥቷል።

"ጌታዬ፣ የኔ ድርሻ አላማረም?" አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

"አምሯል" አለ አንበሶ። "ውሃውስ?"

ያኔ የአምባዛ ትንሹ ልጅ ደረቅ ጭቃ ላይ ሲንፈራገጥ ሁሉም አዩት። እናቱ በጅራቷ እየገፋች ወደቀረችው እፍኝ ውሃ ልትመልሰው ትታገላለች። ሦስቱም ከልባቸው አፈሩ።

"ጥልቅ አድርግ ያለችኝ ጦጢት ናት!" አለ ጃርት።

"እኔንም ሰፊ አድርግ ያለችኝ እሷው!" አለ ከርከሮ።

"እኔንም ረጅም!" አለ ፍልፈል።

ጦጢት ልትመልስ አፏን ብትከፍት ድምፅ ከየት ይምጣ? አንበሶ ጀርባዋን መታ ቢያደርጋት ባቄላው፣ ሾላው፣ ሥራ ሥሩ እግሩ ሥር ተዘረገፈ። የሐፍረቱ ጊዜ ቢሆንም አገሩ በሳቅ ፈረሰ። አንበሶ ግን አልሳቀም፤ ጥፍሩን አወጣ።

ያኔ ከኩሬዋ ዳር የምትኖረው እመት ኤሊት አንገቷን ብቅ አደረገች። "ጌታዬ፣ ጦጢትን ነገም ይደርሱባታል። እነዚህ ልጆች ግን ነገን አያዩም" አለች።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከእንግዲህ ዳኛው ከዛፍ ላይ አይሁን። ውሃ የሚቀበለው በሚሰጠው ላይ ይፍረድ። በጃርት ከርከሮ ይፍረድበት፣ በከርከሮ ፍልፈል፣ በፍልፈል ደግሞ አምባዛ። ተቀባዩ 'ደረሰኝ' ሳይል የማንም ሥራ አለቀ አይባል።"

"እሰይ የኔ ብልህ!" አለ አንበሶ።

ወዲያው ከርከሮ ጮኸ፦ "አያ ጃርት፣ ጉድጓድህ ውሃዬን ዋጠብኝ፤ ሙላልኝ!" ጃርት መሙላት ጀመረ። ፍልፈልም፣ "አያ ከርከሮ፣ ውሃዬ ሜዳ ላይ ፈሰሰብኝ፤ አጥብብልኝ!" አለ። ከርከሮ ከጭቃው እያዘነ ወጣና ዳርና ዳሩን ደለደለ። አምባዛ በተራዋ፣ "አያ ፍልፈል፣ ዓይንህ እንደማያይ አውቃለሁ፤ እዘፍንልሃለሁ፣ ድምፄን ተከትለህ ና!" አለች። በደረቀ ጉሮሮዋ ስትዘፍን ፍልፈል አቅጣጫውን አስተካክሎ ወደ ድምፁ ቆፈረ። ጦጢትስ? ከከርከሮ ዘንድ የተረፈውን አፈር እየተሸከመች ወደ ጃርት ጉድጓድ ትመላለሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ ምን እንደሚመስል አየች፤ ይበላት!

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው መጣ። በጃርት አለፈ፣ በከርከሮ አለፈ፣ በፍልፈል መንገድ ሽው እያለ ወርዶ ኩሬዋ ውስጥ ገባ።

"ደረሰኝ! ደረሰኝ!" አለች አምባዛ፤ በደስታ አለቀሰች። ትንሹ ልጇ ውሃው ሲነካው አንዴ ተገለበጠ፣ ሁለተኛ ተገለበጠና ወደ ላይ ዘለለ። አንበሶ ሳይቀር እስክስታ ወረደ! ኧረ በአባቴ፣ እንዲህ ያለ ጭፈራ አልታየም።

ጭፈራው ጋብ ሲል አንበሶ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ከሦስታችሁ 'ጀግና' ብዬ ማንን ልጥራ?" አለ።

ጃርት፣ ከርከሮና ፍልፈል ተያዩ። ከዚያ ጃርት ጎንበስ ብሎ ከኩሬዋ ጠጣና ጢሙን ጠረገ።

"እኔ እንጃ ጌታዬ" አለ። "ውሃው ውስጥ የኔ የቱ እንደሆነ አይለይም።"

በዚያ አገር ከዚያ ወዲያ እንዲህ እየተባለ ይተረታል፦

ለየብቻ የቆፈረ ጉድጓድ ታቀፈ፣ ተጠያይቆ የቆፈረ ወንዝ ጠለፈ።