አህያ ስለ ሩጫው የተናገረችው

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ያሰበችውን ሳትናገር ማደር የማይሆንላት አንዲት አህያ ነበረች። ስለ ወንዙ ተራ ትናገራለች፤ ስለ ግጦሹ ድልድል ትናገራለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት መኮራረፉን ሳይቀር ታነሣለች። አንበሳም ነገሩ ሰለቸውና አዋጅ አስነገረ።

«ከእንግዲህ ስለ አገዛዜም ሆነ ስለ ኑሮ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ! ማውራት ያማረው ስለ ስፖርት ያውራ!»

«ይሁን፤ ስለ ስፖርት አወራለሁ» አለች አህያ።

ብዙም ሳይቆይ የሜዳው ታላቅ ሩጫ ደረሰ። ዳኛው አያ ጅቦ ነበር። ሚዳቋ ተፈትልካ ወጥታ ሁሉንም ቀድማ ገባች። የአንበሳ ደቦል ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ከኋላዋ ደረሰ። አያ ጅቦ ግን ብድግ ብሎ «አሸናፊው የጌታችን ልጅ ነው!» ሲል ጮኸ።

ሚዳቋ አንገቷን ደፋች። አህያ ጆሮዎቿን አቁማ ዙሪያዋን ብታይ፣ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

«ያሸነፈችው ሚዳቋ ናት!» አለች፣ ሜዳው እስኪያስተጋባ።

በማግስቱ የአንበሳ ጉዳይ አስፈጻሚ የሆነችው ቀበሮ ጅራቷን እያወዛወዘች መጣች።

«እህት አህያ፣ ጌታችን ተቀይመውሻል። ፖለቲካ ተናግረሻል።»

«እኔ? ስለ ሩጫ እኮ ነው የተናገርኩት!»

«ሯጩ የጌታችን ልጅ ከሆነ ሩጫውም ፖለቲካ ነው» አለች ቀበሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ በጉባኤው ፊት ‹አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው› በይ፤ በቃ። ለምለሙ ሣር ያንቺ ይሆናል። እምቢ ካልሽ ግን አሳልፈው ለአያ ጅቦ ይሰጡሻል።»

አህያ የጅብ ጥርስ ትዝ አላት። ያንን ሣር ብትግጠው ግን በጉሮሮዋ እንደማይወርድ ታወቃት።

«ዓይኔ ደህና ነው» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጉባኤው ተሰበሰበ። አንበሳ ከጉብታው ላይ ሆኖ «በይ ተናገሪ፤ ማን አሸነፈ?» አላት።

«ሚዳቋ፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ሊያሳፍራት ወደ ዳኛው ዞረ። «አያ ጅቦ፣ አንተስ ምን አየህ?»

አያ ጅቦ አህያዋን ሊበላ መቋመጡ ልቡን አጥፍቶት ነበርና፣ «እኔማ ምን አያለሁ ጌታዬ! ቀበሮ የሰጠችኝን አጥንት ስቆረጥም መች ቀና አልኩ! የማንን ስም እንደምጠራ ግን አስቀድማ ነግራኛለች!» አለ።

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች። ዝንጀሮዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንበሳ አገሣ፤ ሳቁ ቀጥ አለ።

«ከዚች አህያ ጋር የሚስማማ ካለ ሄዶ አጠገቧ ይቁም! አብሬ ለጅብ እሰጠዋለሁ!»

አህያ ብቻዋን ቆመች። እግሯ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። መጀመሪያ ሚዳቋ መጣች። ከዚያ ፍየል፤ ከዚያ ከርከሮ እያጉረመረመ፤ ዝንጀሮዎቹም ግር ብለው ተከተሉ። አንበሳ ግራ ቀኙን ቢያይ ጅብና ቀበሮ ብቻ ቀርተዋል። ይባስ ብሎ ደቦሉ ከአባቱ እግር ሥር ተነሣና፣ ሜዳውን አቋርጦ አህያ አጠገብ ቆመ።

«አንተም?» አለ አንበሳ።

«አባዬ፣ ከእኔ በላይ ማን አየ? ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚዳቋን ጀርባ እያየሁ ነው የሮጥኩት» አለ ደቦሉ።

አንበሳ ከጉብታው ወርዶ ዝም ብሎ መንገድ ጀመረ። አህያ ግን ዝም አላለችም።

«የሚቀጥለውን ዳኛ የምንመርጠው እኛ ነን!» ብላ ከኋላው ጮኸችበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ያየነውን እውነት ገና ብቻችንን ሳለን ካልተናገርነው፣ አጠገባችን ሊቆሙ የሚችሉትን መቼም ቢሆን እንደማናውቃቸው ነው።