ጅብ ማካፈል የቻለ ዕለት

አንድ ጊዜ በአንዲት ትንሽ የአውሬ ከተማ ውስጥ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ ወጥቶበት የማያውቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ከማፈሩ ብዛት ጥቁር ሰሌዳው ራሱ ነጥቷል!

አስተማሪዋ አህያ ነበረች። ማካፈልን በሣር ነዶ ስታስተምር ስንት ዓመቷ! ከኋላ ወንበር ደግሞ አያ ጅቦ ምራቁን ያዝረበርባል፤ የፊቶቹ ተማሪዎች ዋና የለመዱት በዚያ ነው። ደግነቱ «ተማሪ አስተማሪውን አይበላም» የሚል ሕግ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ሰሌዳውን እይ እንጂ!»

«እንዴት ልየው ቲቸር? በዚያ ዳሌዎ ሸፍነውት!»

አንድ ቀን ንጉሡ አያ አንበሶ መጣ። «ዛሬ አንድ እንኳ ካላለፈ ትምህርት ቤቱን እዘጋዋለሁ!» ብሎ አገሳ።

አህያ ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብላ አየች። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጅብ ተማሪዋ አይደለም። ያን ጊዜ እሷም አስተማሪ አይደለችም፤ እራት ናት።

ዳይሬክተሩ ቀበሮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አይዞሽ እቴ፣ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ጭራዬን ወደ ቀኝ ካዞርኩ ሀ፣ ወደ ግራ ካዞርኩ ለ። አለቀ!»

አንበሳ ጥያቄውን አነበበ። «የሁለት በሬዎች ሃምሳ ሁለት የጎድን አጥንት ለአራት ጅቦች እኩል ሲካፈል፣ ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል? ሀ፦ አሥራ አንድ፤ ለ፦ አሥራ ሦስት።»

ቀበሮ ጭራውን ወደ ግራ ሊያዞር ሲል ዝንብ አረፈችበት። ሊያባርራት ወደ ቀኝ ወነጨፈው።

«ሀ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች።

አያ ጅቦ ግን አጥንት የሚለውን ከሰማ ወዲህ ጭራም ቀበሮም አላየም። አየር ላይ ያከፋፍላል። «ይቺ ለእኔ፣ ይቺ ላጎቴ፣ ይቺ ላማቴ... አንተ፣ እጅህን ሰብስብ! ያቺ የኔ ናት!» በመጨረሻ ወንበሩን በቡጢ መታው። «ለ! አሥራ ሦስት! አንዲት ብትጎድል ደም ይፈሳል!»

የአንበሳ ጎፈር እንደ እሾህ ቆመ። ይበሩ የነበሩ ወፎች አየር ላይ ቀጥ አሉ። አህያ ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ ያየች ይመስል አፏን ከፍታ ቀረች፤ ፍርሃቷንም ረስታ ወደ ጅቡ ተጠጋች።

«አንተ... ይሄን ሁሉ ጊዜ ትችል ነበር?»

«ቲቸር፣ ሣር እኮ ለማንም ቢደርስ ግድ የለኝም!»

«አልፏል!» አለ አንበሳ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲያ አህያ ሣሩን ራሷ በላችው፤ በአጥንት ማስተማር ጀመረች። አያ ጅቦም ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ «ቲቸር፣ ማባዛት መቼ ነው?» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ተማሪው የሚጓጓለትን ያወቀ አስተማሪ ጅብንም እንደሚያስተምር፣ የሌላውን ጭራ እያየ የሚመልስን ግን አንዲት ዝንብ እንደምትጥለው ነው።