ጣሪያ ላይ የወጣው የፋሲካ ዶሮ

የሐበሻ ዶሮ ነው የሚሻለው ወይስ የፈረንጅ? እማዋይሽ ይኼን ጥያቄ ያነሳችው ባለፈው ፋሲካ ነው፤ እስካሁንም አልመለሰችውም። መልሱን የምታውቁ ትንሽ ታገሡ። መጀመሪያ ዶሮው እንዴት ጣሪያ ላይ እንደወጣ ስሙ።

እማዋይሽ የምትኖረው ደሴ ነው፣ ዳገቱ ላይ ካለ የኪራይ ግቢ ውስጥ። ባሏ ደጀኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ለበዓል እደርሳለሁ ብሎ ገና አልደረሰም። ልጇ ባምላክ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል፤ ዶሮ የሚባል ነገር ግን ቀምሶ አያውቅም። አማቷ ወይዘሮ ዘነቡ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠር እየመጡ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ደውለው፣ «አደራ፣ ዶሮው የፈረንጅ እንዳይሆን። የፈረንጅ ዶሮ አፍ ውስጥ ሲገባ ጥጥ ነው» ብለዋታል።

የእማዋይሽ ምኞት ይኸው ብቻ ነበር፤ አማቷ ደጁን ሲረግጡ የሐበሻ ዶሮ ወጥ ሽታ ወጥቶ እንዲቀበላቸው።

በዋዜማው ቅዳሜ ባምላክን አዝላ ገበያ ወረደች። አንዱ ነጋዴ ነጭ የፈረንጅ ዶሮዎች በካርቶን ደርድሯል። ሌላው ቀይ የሐበሻ አውራ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሏል፤ ዋጋውም እንደ አውራው ኩሩ ነው።

«ምነው እንዲህ ተወደደ?» አለች።

«እናቴ፣ ይኼ ሜዳ ለሜዳ ሮጦ ያደገ ነው። ሥጋው ሥጋ ነው» አላት።

ባለ ካርቶኑ ጣልቃ ገባ። «ሲሮጥ ምን ምን እንደለቀመ ግን አልነገረሽም። የኔዎቹ የሚበሉት ይታወቃል። ለልጅም ለስላሳ ነው።»

«ያንተዎቹ መርፌ ይወጋሉ ይባላል» አለች እማዋይሽ።

«ልጅሽስ አልተወጋም?» አላት።

ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጇን ዞር ብላ አየችው። ቢሆንም የአማቷ ቃል በለጠባትና ቀዩን አውራ ገዝታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ የዶሮው እግር በሲባጎ ታስሮ ጠቁሯል። አንጀቷ አልቻለም። ጭንቀታም ስለሆነች ደግሞ፣ ደሙ እግሩ ላይ ቢረጋ፣ ያ ደም ለልጄ ቢተርፍ ብላ አሰበች። ሲባጎውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ላላ አደረገችው። የፈረንጅ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ሲባጎው ቢፈታም ባለበት ይቀመጥ ነበር። የሐበሻው ግን አንዴ ክንፉን አራገበ፣ አጥሩን ዘለለ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ጫፍ ላይ ወጥቶ ጮኸ።

እማዋይሽ ና አለችው፣ እህል በተነችለት፣ ለመነችው። ዶሮው አልወርድም አለ።

መሰላል ያላቸው ጎረቤቷ ጋሽ ደምሌ ናቸው። መሰላሉ ግን ሥራ ላይ ነው፤ የፋሲካ በጋቸውን ጥግ ላይ አስገብተው መሰላሉን እንደ በር ጋርደውበታል።

«ጋሽ ደምሌ፣ መሰላሉን ያውሱኝ።»

«መሰላሉ ከተነሳ በጉ ይወጣል። በጉ ከወጣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ዳገት ለዳገት ልሮጥ ነው። በጉን የማስርበት ገመድ አምጪልኝ።»

«ሲባጎ አለኝ።»

«ያ ሲባጎ ለዶሮም አልሆነ» አሉ ጋሽ ደምሌ፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው።

እማዋይሽ ባምላክን አዝላ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሮጠች። እትዬ አስካለ ጠንካራ ገመድ አላቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ገመድ ይስጡኝ። ገመድ ካልመጣ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ዶሮው አይወርድም፤ ዶሮው ካልወረደ ድስቱ አይጣድም፤ አማቴ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው።»

እትዬ አስካለ ገመዱን አሳዩዋት። የቤተሰቡ የበዓል ልብስ በሙሉ እርጥብ እንደሆነ ተሰጥቶበታል፤ ሰማዩ ደግሞ ደመና ነው። «ገመዱን ብፈታው ማታ ቤተ ክርስቲያን ምን ለብሰን እንሄዳለን? ካውያ አለኝ፣ ከሰል ነው ያጣሁት። ከሰል አምጪና ልብሱን በካውያ ላድርቅ፤ ከዚያ ገመዱን ውሰጂ።»

እማዋይሽ ወደ ዘምዘም ሱቅ ወረደች። ዘምዘም ከሰል ሻጭ ናት፤ እሷም እንደ እማዋይሽ የልጅ እናት ናት።

«ዘምዘም እህቴ፣ ከሰል ስጪኝ። ከሰል ካልመጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ልብሱ አይደርቅም፤ ልብሱ ካልደረቀ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ዶሮው አይወርድም፤ ዶሮው ካልወረደ...»

«ቀስ በይ» አለች ዘምዘም በሹክሹክታ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ። «እዪው።»

የዘምዘም ልጅ የመጨረሻው የከሰል ጆንያ ላይ ተኝቷል። ጉንጩ ጠቁሯል፣ አፉ ተከፍቷል።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛልኝም» አለች ዘምዘም። «ከጆንያው ባነሳው ይነቃል፤ ከነቃ ወተት ይላል፤ ወተት ደግሞ አልቆብኛል። ወተት አምጪልኝ፣ ከዚያ ጆንያውን ራሴ እፈታልሻለሁ።»

እናት ለእናት ምን ትላለች። እማዋይሽ ዳገቱን እንደገና ወጣች፤ ላም ወዳላቸው ወደ እማማ ላቀች ግቢ።

«እማማ ላቀች፣ ወተት ይስጡኝ። ወተት ካልመጣ ልጁ ከጆንያው አይነሳም፤ ልጁ ካልተነሳ ከሰሉ አይወጣም፤ ከሰሉ ካልወጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ልብሱ አይደርቅም፤ ልብሱ ካልደረቀ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ዶሮው አይወርድም፤ ዶሮው ካልወረደ ድስቱ አይጣድም፤ አማቴ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ውይ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ» አሉ እማማ ላቀች። «ወተት ልሰጥሽ ነበር። ግን ላሚቱ አኩርፋኛለች። ፉርሽካዋን ካላየች ጠብታ አታወርድም። እኔን ካላመንሽ ራሷን ጠይቂያት።»

ላሚቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። መጠየቅ አላስፈለገም።

ፉርሽካ ያለው ጋሽ ይማም ወፍጮ ቤት ነው። ጋሽ ይማም ከወፍጮው ጀርባ የፈረንጅ ዶሮዎች በሽቦ ቤት ያረባሉ። እማዋይሽ ስትደርስ ልቧ ሊወጣ ነው። ባምላክ ግን ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቃል፤ ለሱ ቀኑን ሙሉ ሽርሽር ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ፉርሽካ ይስጡኝ። ፉርሽካ ካልመጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ልጁ ከጆንያው አይነሳም፤ ልጁ ካልተነሳ ከሰሉ አይወጣም፤ ከሰሉ ካልወጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ልብሱ አይደርቅም፤ ልብሱ ካልደረቀ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ዶሮው አይወርድም፤ ዶሮው ካልወረደ ድስቱ አይጣድም፤ አማቴ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው።»

ጋሽ ይማም በፉርሽካ ብናኝ ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። «ዶሮው የት ነው ያለው አልሽ?»

«ጣሪያ ላይ።»

«የሐበሻ ነው?»

«የሐበሻ ነው።»

«ታዲያስ» አሉ ጋሽ ይማም። «የኔዎቹ ጣሪያ ምን እንደሆነም አያውቁም። ፉርሽካ አለኝ፣ ግን አይተርፈኝም። ያቺን ነጯን ታያታለሽ? እንቁላል ካቆመች ቆይታለች፣ መብላት ግን አላቆመችም። እሷ እዚህ እያለች ፉርሽካ አይተርፍም። እሷን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ድርሻዋን ለላሚቱ ውሰጂ። ሁለቱንም መርቄልሻለሁ።»

እማዋይሽ ደነገጠች። «ጋሽ ይማም፣ አማቴ የፈረንጅ ዶሮ አይወዱም። ቤቴ ካዩዋት ምን ይሉኛል? ደግሞ ለልጄ... መርፌዋስ?»

«መርፌው እንዳይታመሙ የሚሰጥ ክትባት ነው። ሌላ ነገር የለውም። ሥጋዋ ጥጥ የሚሆነው መሬት ረግጣ ስለማታውቅ ነው። ያ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው እንጂ የሷ አይደለም።»

እማዋይሽ ዶሮዋን አየቻት። ዶሮዋም እሷን አየቻት፣ አንዱን ዓይኗን ብቻ አዙራ። ከዚያ ዶሮዋ ከሽቦው ቤት ወጣች። ያኔ ነገሩ ሁሉ ከመጨረሻው ጀምሮ ይፈታ ጀመር።

ዶሮዋ ወጣች፣ ፉርሽካው ተረፈ። ፉርሽካው ተረፈ፣ ላሚቱ በላች። ላሚቱ በላች፣ ኩርፊያዋን ተወች፣ ወተቱ ወረደ። ወተቱ ወረደ፣ የዘምዘም ልጅ ነቅቶ ጠጣ። ልጁ ጠጣ፣ ከጆንያው ተነሳ። ጆንያው ተፈታ፣ ከሰሉ ወጣ። ከሰሉ ወጣ፣ ካውያው ጋለ። ካውያው ጋለ፣ ልብሱ ደረቀ። ልብሱ ደረቀ፣ ገመዱ ተፈታ። ገመዱ ተፈታ፣ በጉ ታሰረ። በጉ ታሰረ፣ መሰላሉ ተነሳ። ጋሽ ደምሌም መሰላሉን ተሸክመው መጥተው ጣሪያው ላይ አስደገፉት።

«ያዢልኝ» አሏት፣ የመጀመሪያውን እርከን እየረገጡ።

እማዋይሽ ጀርባዋ ላይ ልጅ፣ ብብቷ ውስጥ ዶሮ ናት። በየትኛው እጇ ትያዝ? ነጯን ዶሮ መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

ነጯ ዶሮ መሬት ረግጣ አታውቅምና አንዱን እግሯን አነሳች፣ መልሳ አሳረፈች። አፈሩን ጫር አደረገችና ቀስ ብላ ቁ፣ ቁ አለች። ጣሪያው ላይ ያለው አውራ አንገቱን አሰገገ። አንዴ ወደ ጋሽ ደምሌ፣ አንዴ ወደ ነጯ አየ። ክንፉን ዘረጋና በጋሽ ደምሌ ራስ ላይ አልፎ ከነጯ አጠገብ ዱብ አለ።

«እኔ ለማን ብዬ ነው የወጣሁት?» አሉ ጋሽ ደምሌ፣ መሰላሉ መካከል ላይ ቆመው።

እማዋይሽ ግን አውራውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። በዚህ ሰፈር ዶሮን ሴት ባርካ አታርድም፤ ወንድ የሌለበት ቤት ቢላዋ ይዞ ደጅ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይለምናል። እሷ ዛሬ አልለመነችም። ጋሽ ደምሌ ከመሰላሉ ወረዱ፣ በስመ አብ ብለው ባረኩላት። ድስቱ ተጣደ። ብልቱ አሥራ ሁለቱም ሳይጎድል ገባ። አማቷ ደጁን ሲረግጡ ሽታው ወጥቶ ተቀበላቸው።

ጾሙ ሲፈታ ደጀኔ ገና አልደረሰም፤ አማቷ ግን ጎረሱ። አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ገና ያኝካሉ። እማዋይሽ አፍ አፋቸውን ታያለች።

«ሥጋ ማለት ይኼ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ የቀረውን ሥጋ ድምፅ ሳያሰሙ አብረዋቸው ለማዕድ ወደተቀመጡት ጋሽ ደምሌ ገፋ አደረጉና እንቁላሉን በመረቁ ፈትፍተው በሉ። «ጣዕሙ አንደኛ ነው፤ ጥርሴ ነው የከዳኝ። እንቁላሉ ግን እንዴት ይጣፍጣል። ከየት ነው?»

እንቁላሉ ከጋሽ ይማም የፈረንጅ ዶሮዎች ነበር። እማዋይሽ ጎንበስ ብላ፣ «ከሰፈር ነው፣ እማዬ» አለች። ባምላክ በበኩሉ አንዲት አጥንት ይዞ ሲልሳት ሲልሳት እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሆዱንም አልነካውም። እማዋይሽ እየተነሳች ስታየው ነበር ያደረችው።

ነጯ ዶሮስ? ማንም አላረዳትም። ማግስቱን ግቢውን መጫር ጀመረች። ትል ለቀመች፣ የጋሽ ደምሌን በግ ድርቆሽ በተነች፣ ከእትዬ አስካለ ጋር ተጣላች። ክረምቱን ሙሉ ስትሮጥ ከረመች። አቁማለች የተባለችው እንቁላል ጀመረች፣ አስኳሉም እንደ እርድ ቢጫ ነው። ባምላክ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር የተማረው እሷን ሲያባርር ነው። አሁን ማታ ማታ የምታድረው ጣሪያው ላይ ነው።

ይኸውላችሁ እንቁጣጣሽ ደረሰ። አማቷ እንደገና ሊመጡ ነው፣ ደውለውም፣ «አደራ፣ እንደ ፋሲካው ሮጦ ያደገ ይሁን፣ ግን ለጥርሴ ለስለስ ይበል» ብለዋል። ጋሽ ደምሌ አዲስ በግ ገዝተው መሰላሉን እንደ በር ጋርደውበታል። ገመዱ ላይ የእትዬ አስካለ ልብስ ተሰጥቶበታል። እማዋይሽ ደጅ ቆማ ወደ ጣሪያው ታያለች። ነጯም አንዱን ዓይኗን አዙራ ታያታለች፤ ባምላክም ከሥር ሆኖ እጁን ያወዛውዝላታል።

በፈረንጅ ቤት ተወልዳ በሐበሻ ግቢ ያደገች ዶሮ ከየትኛው ትቆጠራለች? ትባረክ ወይስ ትኑር? ገበያ ወርዳ ያንን ኩሩ ዋጋ ከፍላ ሌላ ቀይ አውራ ትግዛስ? ተረቱን እኔ አቀበልኳችሁ፤ ምክሩን እናንተ አቀብሏት። ብቻ ቶሎ በሉ፣ አማቷ መንገድ ላይ ናቸው።