ሱሪ ያልታጠቀችው የማማዋ ጠባቂ

በእኛ አካባቢ ሴት ልጅን «ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም» የሚል ሰው ሲገኝ፣ ሽማግሌዎች በአንዲት አጭር አባባል ዝም ያሰኙታል። አባባሏ የተገኘችው ከአንድ የማሽላ ማሳ ነው።

ከገደሉ ሥር የሚያርሱ ገበሬዎች ማሽላው ሲያሸት ማማ ሠርተው ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ማማ ላይ የሚወጣው ግን ወንድ ነበር፤ ዝንጀሮ ቀሚስ አይቶ አይሸሽም ይባል ነበር። ሴት መጠበቅ ግድ ከሆነባት የባሏን ሱሪ ትታጠቅ ነበር።

አንድ ዓመት እንጉዳይ የምትባል የአንዲት ልጅ አባት እግሩ ተሰብሮ ተኛ። ያለቻቸው ያቺው አንዲት ማሳ ናት፤ ዝንጀሮ ከጨረሳት ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም። የአሥራ ሁለት ዓመቷ እንጉዳይ ወንጭፏን ይዛ ማማው ላይ ልትወጣ ስትል ጎረቤታቸው አያ ቢምረው ጠራት።

«አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ሱሪ ታጥቀሽ ነይ!»

«ሱሪው ድንጋይ ይወነጭፋል እንዴ፣ አያ ቢምረው?»

«አፍሽ ብቻ! ዝንጀሮ ነው የሚስቅብሽ።»

«ይሳቅ። እየሳቀም ይሸሻል።»

አያ ቢምረው በገነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከአባቱ የሰማውን ከልቡ ያምን ነበር እንጂ። «እንግዲያስ እኔ ማማዬ ላይ ሱሪዬን ብቻ ሰቅዬ እቤቴ ጋደም እላለሁ። ያንቺ ማሳ ከተበላ ሁለተኛ ማማ አትወጪም!»

«የእርስዎ ከተበላስ?»

«የእኔማ አይበላም።»

«ከተበላ ግን ሱሪ ልበሺ የሚለኝ አይኑር።»

«ይሁን!»

ረፋድ ላይ መንጋው ከገደሉ ወረደ። አውራው እንጉዳይን ሽቅብ እያየ አንድ ዘለላ ቀንጥሶ፣ እንደ ተጋበዘ እንግዳ ተደላድሎ ማኘክ ጀመረ። የመጀመሪያው ድንጋይዋ ሳተው። ሁለተኛውም ሳተው። ይባስ ብሎ ጥርሱን አግጥጦ ወደ ማማው መጣና እንጨቱን ጨበጠ። እንጉዳይ በጀርባ በኩል ዘልላ ማምለጥ ትችል ነበር።

«አልወርድም! ወራጁ አንተ ነህ!» ብላ ጮኸችና ሦስተኛውን ድንጋይ አፍንጫው ላይ አሳረፈችው።

አውራው እያጓራ ፈረጠጠ፤ መንጋውም ተከትሎት ወደ አያ ቢምረው ማሳ ገባ። እዚያ ሱሪው በነፋስ ይወዛወዛል። ዝንጀሮዎቹ ጥቂት አዩት፣ ቀርበው አሸተቱት፤ ከዚያ አንዱ ግልገል በአንደኛው እግር ገብቶ በሌላኛው ወጣ። አያ ቢምረው ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ የማሳው ግማሽ አልቋል፣ ሱሪው ገደል አፋፍ ላይ ይጎተታል። ቀሪውን ግማሽ ያተረፈችለት ወንጭፏን እያሽከረከረች የደረሰችው እንጉዳይ ናት።

ሰው ተሰበሰበ። አያ ቢምረው ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃ ነው! አለዚያማ ከእሷ እንዴት ይሸሻሉ?»

«ያለኝ ይሄ ብቻ ነው!» አለች እንጉዳይ፣ ወንጭፏን ከፍ አድርጋ።

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ውቤ ሳቃቸው እያመለጣቸው፣ «ተው ቢምረው፣ ተው ልጄ፤ ዝንጀሮ ድንጋይ እንጂ ሱሪ አይፈራም» አሉ።