ብስክሌቱን ማን አሳፈረው?

አንድ ቀን ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ጉተማ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ብስክሌቱን እየገፋ በጠዋት ከች አለ። ያኔ ድሬ ላይ ብስክሌት የሌለው ወንድ ከወንድ አይቆጠርም። ያለው ደግሞ ከሚስቱ አብልጦ ይወለውለዋል። ጉተማ ሚስትም አልነበረችው፣ ሥራውም ከእጅ ወደ አፍ ነው። መኢሶ ላይ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ይፈለጋል፣ ብስክሌት ያለው ብቻ ይምጣ ሲባል ሮጦ ተመዘገበ። ለዚያች ቀን ቀጠሮ ተሰጠው። እስከ ስድስት ሰዓት ብስክሌቱን ይዞ ካልቀረበ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። ባቡሩ መኢሶ የሚገባው ደግሞ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። በብስክሌቱ ልሂድ ቢል መንገዱ አሸዋና እሾህ፣ ርቀቱም የአንድ ቀን አይደለም።

ትኬት ተቆጣጣሪው አቶ ይርዳው በር ላይ ቆሟል። ደንቡን እንደ ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ ሲስቅ ያየውም የለም። ደንብ በቃሉ የያዘ ሁሉ አዋቂ ቢሆን በቀቀን ዳኛ ይሆን ነበር።

«ቁም! ብስክሌት አይሳፈርም» አለው።

«በዕቃ ፉርጎ ይሂድልኝ፣ ጋሼ።»

«በሽንኩርት ሞልቷል። ሐሙስ ና።»

«ሐሙስ ምን ያደርግልኛል? ቀጠሮዬ ዛሬ ነው! ይኸው ፍየል እንኳ እየገባች አይደል?»

«ፍየል ደንብ አላት። ብስክሌትም ደንብ አለው። ባቡር ውስጥ ብስክሌት ያስገባ ሰው በሚቀጥለው ጣቢያ ይወርዳል። ሰው በጭኑ ይዞት የሚቀመጠው ዕቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ጉተማ። የገባው ግን ሌላ ነው።

ድሬ ባቡር ላይ አንድ ልማድ አለ። ነጋዴ ሴት ፈታሽ ሲመጣባት ጨርቋን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ታድላለች፤ መውረጃዋ ሲደርስ ትሰበስባለች። አንዲት መሐረብ ጠፍታ አታውቅም። ጉተማም ከአጥሩ ጥግ ሄዶ፣ በመፍቻው ብስክሌቱን አጥንት በአጥንት ፈታታና ቀድመን ለተሳፈርነው በመስኮት ያቀብለን ጀመር። የፊት ጎማው አጠገቤ ለተቀመጠችው ለጨርቅ ነጋዴዋ ለእትዬ ዘይነባ፣ የኋላው ለአንድ ሽማግሌ፣ መሪው ለፍየሏ ባለቤት፣ ቴላዮው፣ ማለት ዋናው አካሉ፣ ለሁለት ወታደሮች፣ ኮርቻው ለእኔ ደረሰ። እሱ እጁን እያወዛወዘ፣ ኪሱ ውስጥ መፍቻውን ብቻ ይዞ ተሳፈረ። ይርዳው ዓይኑ እያየ ትኬቱን በሳለት።

ኤረር አለፍን፤ አፍደምም ደረስን። ጉተማ አንዱን ወታደር ሰዓት ጠየቀና ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው ልጄ?» አለችው እትዬ ዘይነባ።

«እትዬ፣ ለካ መፍታቱን እንጂ መግጠሙን አላሰብኩም። ለመግጠም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ያለኝ ሩብ ሰዓት ነው። ብረት ተሸክሜ ብሄድ ማን ብስክሌት ነው ይለኛል?»

«አሁን እዚሁ ግጠመዋ!»

«ከገጠምኩት ያወርደኛል።»

ይህን እያለ ይርዳው ትኬት ሊያይ ገባ። ዓይኑ እትዬ ዘይነባ ጭን ላይ ያለው ጎማ ላይ አረፈ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእንቅብ ክፈፍ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ሽማግሌው ዘንድ ሄደ። «ያንተስ?»

«እኔ የእሷን አይቼ ነው የያዝኩት።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው?»

«የተቀመጥኩበትን ደግሞ ልታይ ነው? አታፍርም!» አልኩት። ፉርጎው በሳቅ ተናጋ።

ይርዳው ደሙ ፈላ። «ይኼ ብስክሌት ነው! አንተ ጉተማ፣ ያንተ ብስክሌት ነው!»

ያን ጊዜ ጉተማ ፊቱ በራ። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ብስክሌት የታለ ጋሼ? እዚህ የሚታየው ሰው በጭኑ የያዘው ብረት ነው። እንዴት አድርጎ ነው ይኼ ብስክሌት የሚሆነው?»

«እኔን ነው ብስክሌት የምታስተምረኝ? እኔ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ሰው!»

«ብረት ያየ ሁሉ መካኒክ ነኝ ይላል» አለች ዘይነባ ለጎረቤቷ፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ። «ባሌም እንዲሁ ነበር። አንድ በርጩማ ሳይጠግን ሞተ።»

ይህቺ ነገር ጨረሰችው። ይርዳው ኮቱን አውልቆ ትኬት መብሻውን ወረወረ። «አምጡ! ሁላችሁም አምጡ! ፊታችሁ ገጥሜ ባላሳያችሁ ይርዳው አትበሉኝ!»

«መፍቻ ይሻሉ?» አለ ጉተማ በትሕትና፣ ከኪሱ እያወጣ።

ተንበረከከ፤ እኛም አቀበልነው። ጎማውን አስገባ፣ ሰንሰለቱን አዞረ፣ መሪውን አቀና። እውነቱን እንናገር፣ እጁ ሙያ ነበረው። ኮርቻውን ከሥሬ ሊመነጭቅ ሲመጣም ብድግ አልኩለት። ቅባቱ እስከ ክርኑ ደረሰ፣ ላቡ በአፍንጫው ወረደ፣ ሙሉ የሚባለው ጣቢያም አለፈ፤ ቀጣዩ መኢሶ ነው። መጨረሻ ላይ ብስክሌቱን በፉርጎው መሐል አቁሞ፣ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ቢረግጠው የኋላው ጎማ እንደ ወፍ ዘመረ።

«ይኸው!» አለ እያለከለከ። «ይኼ ብስክሌት ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው!» አልን ሁላችን ባንድ አፍ።

«እንግዲህ ብስክሌት ባቡር ውስጥ ያስገባ ሰው ምን እንደሚሆን ደንቡ ያውቃል!»

ጉተማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት።

«ጋሼ ይርዳው፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ የተሳፈርኩት አንዲት መፍቻ ይዤ ነው፣ ትኬቴን የበሱት እርስዎ ነዎት። እነዚህም በጭናቸው የያዙት ብረት በደንብዎ የተፈቀደ ነው። እዚህ ባቡር ውስጥ ብስክሌት ያቆመ ሰው ቢኖር፣ እኛ ሁላችን እያየን ያቆሙት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ በሚቀጥለው ጣቢያ ከነብስክሌትዎ ይወርዳሉ፣ ወይስ ብስክሌቱን ብቻዬን ይዤልዎት ልውረድ?»

ባቡሩ መኢሶ ሲቆም ይርዳው ራሱ፣ በቅባት በጠቆሩ እጆቹ፣ ብስክሌቱን አንሥቶ አወረደለት፤ ጉተማም እዚያው ከፌርማታው ላይ ወጥቶበት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተቀጠረ።