የዱባዋ ቅጠል በማለዳ

ተረቴ መጣ፣ ጆሮ ስጡት። በአንድ ማሳ ዝናብ ቀረ። ቀንድ አውጣ ውኃ ካለው ቅጠል ሥር ካልተጠለለች ድርቀቱ እንደሚገድላት ታውቃለች፤ የትኛው ቅጠል ውኃ እንዳለው ግን አታውቅም።

እኩለ ቀን ላይ የዱባዋ ቅጠሎች ጠውልገው መሬት ነኩ። በቆሎው ቅጠሉን ጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እመት ዱባ አለቀላቸው» ብላ ፌንጣ ሳቀች። «እኔ ወደ ጌታው በቆሎ ሄጃለሁ።»

ቀንድ አውጣ ግን ሳትጠይቅ አታልፍም። «እመት ዱባ፣ ውኃ አልቆብዎት ነው?»

«በጠራራ ፀሐይ ስለ ውኃ አላወራም» አለች ዱባ። «በልጅነቴ ብዙ ተጠምቼ ቀን ቀን ቅጠሌን አውርጄ መቆጠብ ተምሬያለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ መጥተሽ ንኪኝ።»

ጎህ ሲቀድ ቀንድ አውጣ በለስላሳ ገላዋ ዳሰሰቻት። የዱባዋ ቅጠል ተዘርግቶ፣ ውኃ ሞልቶት ተወጥሯል። ወደ በቆሎው ዞረች፤ ሌሊቱ ቀዝቅዞ አድሮ እንኳ ቅጠሉ እንደተጠቀለለ ነው። ስትነካው እንደ ገለባ ተንኮሻኮሸ።

«ፌንጣዬ፣ ይሄ ሌሊቱን ምንም አልጠጣም» አለቻት።

«ቆሞ እያየሽው?» አለች ፌንጣ።

ቀንድ አውጣ ተመልሳ ከዱባዋ ቅጠል ሥር ገባች። ዝናቡ ሲመጣ በቆሎው እንደቆመ ደርቆ ነበር፤ ፌንጣም የለችም። በማሳው የቀሩት ዱባና ቀንድ አውጣ ናቸው።